ጅማ፦ ከድጋፍ ግንብ በላይ የትኛውን የጥላ ዛፍ ልትከል?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ቤታችን ጅማ ነው፤ ወደ ጅሬን ሲወጣ። ግቢው ተዳፋት ስለሆነ አባቴ በሕይወቱ ሳለ ለሁለት እርከን ከፍሎ በመሃል የድንጋይ ግንብ አሠራበት። ግንበኞች ሪቴይኒንግ ዎል የሚሉት ነው። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 14 ሜትር። ላይኛው እርከን ላይ ወደ 30 እግር ቡና አለን። ከታች ልብስ የምናሰጣበትና ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ነው።

ለቡናው ጥላ ይሆን የነበረው ግራቪሊያ ባለፈው ዓመት በነፋስ ተገንድሶ ወደቀ። ቡናው ፀሐይ ላይ ቀርቶ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ነው። በዚህ ክረምት ሌላ መትከል አለብኝ።

የሚያስፈራኝ ግንቡ ነው። መሃሉ ላይ ሆዱ ወደ ውጭ ተነፍቷል። ጣት የሚያስገባ ስንጥቅም አለው። ከግንቡ 6 ሜትር ራቅ ብሎ አባቴ የተከለው ትልቅ ዋንዛ ቆሟል። ያየው ሰው ሁሉ ግንቡን የገፋው የዋንዛው ሥር ነው፣ ቁረጡት ይላል። እኔ ልቆርጠው አልፈልግም። አባቴ በመጨረሻ ዓመታቱ ቡናውን የሚጠጣው እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ለቡና የሚስማማ፣ ግንብ የማይጎዳ የጥላ ዛፍ የቱ ነው? ከግንቡስ ስንት ሜትር ይራቅ?

ከዚህ በታች የመጡትን መልሶች በተራ ቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ አባባል አስቀምጣለሁ። ክሩ፣ ማለትም ይህ የኢንተርኔት ውይይት፣ 34 መልስ ደርሷል። ይህን ማጠቃለያ የጻፍኩት ጥቅምት ላይ ነው። እንደኔ ግንብና ዛፍ ጎን ለጎን ያለው ሰው አንድ በአንድ ከመፈለግ ይድናል ብዬ ነው።

1ኛ

የመጀመሪያው ከአጋሮ የጻፉልኝ የቡና ገበሬ ናቸው። በጣም በትሕትና ነው የጀመሩት። ለአባቴ ነፍስ ይማር ብለው፣ ያለ ጥርጥር ሰሳ ትከሉ አሉ። ቅጠሉ ደቃቅ ነው፤ ፀሐይዋን አጥልሎ ያሳልፋል። ሲረግፍ ቶሎ ይበሰብሳል፣ አፈሩንም ያዳብራል። ዘውዱ እንደ ዣንጥላ ከላይ ስለሚዘረጋ ቡናው ከሥሩ ይተነፍሳል። ስለ ግንቡ ግን አንድም ቃል አልተናገሩም።

2ኛ እና 3ኛ

ከማና የጻፈ ወጣት ወዲያው ተቃወመ። ሰሳ ሳይሆን አምበቤሳ ነው ለቡና የሚሆነው፣ አያቶቻችን ይህንን ያውቁ ነበር አለ። ቃሉ ትንሽ ቆጣ ያለ ነበር። ከዚያ ደን ያጠናች አንዲት እህት ገብታ ነገሩን አበረደችው። በአማርኛ ሰሳ የሚባለው በኦሮምኛ አምበቤሳ፣ በሌላ አካባቢ ደግሞ ሙካ አርባ ይባላል፤ የዝሆን ዛፍ እንደማለት ነው። ሁለቱ የተከራከሩት ስለ አንድ ዛፍ ነው። እግረ መንገዷንም ዋንዛ ዋዴሳ፣ ብርብራ ሶተሎ፣ ግራዋ ኤቢቻ፣ ኮርች ወሌንሱ መሆናቸውን ጻፈች። እኔ ይህን ዝርዝር ገልብጬ ይዤዋለሁ። ጅማ ገበያ ችግኝ ስትገዙ ሁለቱንም ስም ማወቅ ይጠቅማችኋል።

4ኛ፣ 5ኛ እና 6ኛ

4ኛው አጭር ነበር። ባሕር ዛፍ ትከል፣ ከግንቡ ጀርባ ያለውን ውሃ ጠጥቶ ያደርቅልሃል አለ። 5ኛው የማናው ወጣት ነው፤ አጋሮ ያሉትን አባት ይቅርታ ጠየቀ። ደስ አለኝ። 6ኛው ግን ባሕር ዛፉ ላይ ወረደበት። ቡና ካለበት ግቢ ባሕር ዛፍ የሚተክል ሰው ወይ ቡና አያውቅም ወይ ቡና ጠልቷል የሚል ይዘት ነበረው። አነጋገሩ ቢከብድም ሐሳቡ ልክ ነው። ባሕር ዛፍ ከቡናው ጋር ውሃም ምግብም ይሻማል። ረጅም ስለሚሆንም ከግንብ ጫፍ ላይ ነፋስ ሲያወዛውዘው ይታያችሁ።

7ኛ

ይህ መልስ የክሩን መንገድ ቀየረው። የጻፈው ሲቪል መሐንዲስ ነው። ከዛፉ በፊት ስለ ውሃው ጠየቀኝ። ግንቡ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ አለው ወይ? ከጀርባው ጠጠር ተሞልቷል ወይ? የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን የት ይጥላል?

ከዚያ ሒሳቡን አስረዳ። ቀለል አድርጌ ላስቀምጠው። ከግንቡ ጀርባ 1 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢጠራቀም፣ በእያንዳንዱ የግንብ ሜትር ላይ ግማሽ ቶን ይገፋል። ከፍታው 2 ሜትር ሲሆን ግፊቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፣ 2 ቶን። የኔ ግንብ 14 ሜትር ስለሆነ ውሃው እስከ አፉ ከሞላ 28 ቶን ማለት ነው። ይህ የውሃው ብቻ ነው፤ አፈሩ አልተቆጠረም። ጅማ ደግሞ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም፣ ጥቅምት ድረስ አፈሩ አይደርቅም።

አብዛኛው የድጋፍ ግንብ የሚወድቀው በሥር ሳይሆን በውሃ ነው አለ። ሥሩ የሚከሰሰው ግንቡ ከወደቀ በኋላ ስለሚታይ ነው። ውሃው ግን ያን ጊዜ ፈስሶ ሄዷል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ለሦስት ዓመት ያንን ዋንዛ በጥርጣሬ ሳየው ነበር።

8ኛ

የኔ መልስ ነው። ዝናብ እየዘነበ ወጥቼ አየሁ። ቀዳዳ የለም። ጠጋ ብዬ ልስኑን በመዶሻ መታ መታ ሳደርገው ባዶ ድምፅ ሰጠኝ። ሳፈርሰው ከውስጥ ቱቦ ብቅ አለ። ከስድስት ዓመት በፊት ግንቡን ያስዋበልን ግንበኛ ሁሉንም ቀዳዳ በስሚንቶ ልስኖባቸው ሄዷል። እኛም ገንዘብ ከፍለን፣ አማረ ብለን አመስግነነዋል። ይባስ ብሎ የላይኛው ቤት አሸንዳ ውሃውን የሚጥለው ልክ ሆዱ ከተነፋበት ቦታ ጀርባ ነው።

9ኛ እስከ 12ኛ

መሐንዲሱ 9ኛ ላይ ቶሎ ጻፈ። ልጆቹ ከግንቡ ሥር እንዳይጫወቱ፣ በተለይ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረ ቀን፣ አስጠነቀቀኝ። በክረምት ከግንቡ ጀርባ እንዳልቆፍርም ነገረኝ። አፈሩ ረጥቦ ሳለ ከላይ መቆፈር አደጋ አለው። መጀመሪያ ከፊት በኩል ቀዳዳዎቹ ይከፈቱ፣ አሸንዳው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዞር አለ። ስንጥቁ ላይ ደግሞ ስስ ጂፕሰም ተለጥፎ ቀን ይጻፍበት። ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ግንቡ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው። ካልተሰነጠቀ ቆሟል። ለዚህ ምክር ዕድሜ ይስጠው።

10ኛዋ ሄርማታ የምትኖር እናት ናት። የእሷ ታሪክ ያሳዝናል። ግንባቸው ሌሊት ተደርምሶ የዶሮ ቤቱን ከነዶሮዎቹ ቀበረው። ሰው ባለመጎዳቱ ተመስገን አለች። እነሱ ዘንድ ግን የሥርም እጅ አለበት። ወፍ ጥሎት የበቀለ ሾላ በድንጋዮቹ መሃል አድጎ ነበር። ለጥላ ይሆናል ብለው ዝም አሉት። 11ኛው ይህንን አጠናከረ። የሾላና የዋርካ ዘር በወፍ ኩስ እየመጣ በግንብ ስንጥቅ ውስጥ ይበቅላል፤ ጣት ሳያህል ካልተነቀለ በኋላ ግንቡን ሳያፈርሱ ማውጣት አይቻልም። 12ኛው ኦዳን (ሾላ በኦሮምኛ ኦዳ ይባላል) ከግንብ ስለ መንቀል ማውራት ነውር ነው ብሎ ቅር ተሰኘ። በኦዳ ጥላ ሥር ሽማግሌ እንደሚቀመጥ፣ ጉባኤ እንደሚደረግ አስታወሰን። ልክ ነው። ትልቁን ኦዳ ማንም አልነካም፤ ወሬው ስንጥቅ ውስጥ ስለ በቀለ ቡቃያ ነበር።

13ኛ፣ 14ኛ እና 15ኛ

3ኛ ላይ የጻፈችው እህት ተመልሳ መጣች። ስለ ሥር ብዙዎቻችን የተሳሳተ ሥዕል አለን አለች። ሥር እንደ ዛፉ ቁመት ወደ ታች የሚጠልቅ ይመስለናል። አብዛኛው ሥር ግን ከላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ አፈር ውስጥ ነው የሚሄደው፤ ወደ ጎንም ቅርንጫፉ ከደረሰበት አልፎ ይሄዳል። ጤነኛ ግንብ ሲያገኝ ይታጠፋል፣ ጎን ጎኑን ይሄዳል። እርጥበት የሚያፈስ ስንጥቅ ካገኘ ግን ይገባል፤ ከገባ በኋላም እየወፈረ ስንጥቁን ያሰፋዋል።

14ኛው ሰው ተቆጣ። እኔ ግንበኛ ነኝ፣ በዓይኔ ሥር ግንብ ሲበሳ አይቻለሁ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ማውራት ቀላል ነው የሚል ነበር ሐሳቡ። እሷ 15ኛ ላይ ሳትናደድ መለሰች። ያየኸው እውነት ነው፣ ግን ስንጥቁ ከሥሩ በፊት ነበር ወይስ በኋላ ብላ ጠየቀችው። መልስ አልሰጠም። እኔ ግን እሱንም እረዳዋለሁ። ሥራው ላይ ሥሩን የሚያገኘው እሱ ነው። ዛፉን ከግንቡ ግማሽ ሜትር ላይ የሚተክሉ ሰዎችም ሞልተዋል።

ስለ ዋንዛዬ የተናገረችውም እዚሁ ነው። ብትቆርጠው ሥሩ በጥቂት ዓመት ይበሰብሳል፤ አፈሩን መያዙ ይቀራል፣ የበሰበሰበት ቦታም የውሃ መንገድ ይሆናል። ዛፉ በቀን የሚጠጣው ውሃም አፈሩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ መቁረጡ ግንቡን ሊያባብሰው ይችላል። ወደ ግንቡ የሚሄደውን ወፍራም ሥር መቁረጥም አይመከርም። ግንዱ አጠገብ ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ በነፋስ ይገለበጣል።

16ኛ እስከ 21ኛ

እዚህ ጋ ክሩ መስመሩን ሳተ። ዋንዛ ሲነሳ ሁሉም ልጅነቱን አስታወሰ። የዋንዛ ፍሬ እየበሉ ጣታቸው የተጣበቀ፣ ፍሬውን ለደብተር ማጣበቂያ የተጠቀሙ ሁሉ ጻፉ። አንዱ የጅማ በርጩማ የሚጠረበው ከአንድ ወጥ የዋንዛ እንጨት መሆኑን አነሳ። አያቱ ዘንድ ያለው በርጩማ ከእሱ ዕድሜ ይበልጣል። 19ኛዋ ስለ ብርብራ ጻፈች። ብርብራ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ የአገራችን ዛፍ ነው። ለቡና ጥላም ጥሩ ነው። የፍሬው ዱቄት ግን ዓሣ ያደነዝዛል፤ ዓሣ የምታረባ ከሆነ ከኩሬው አርቀው አለች።

20ኛው ዋንዛ መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው አለ። 21ኛው አረመው። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ነበር የከለከለው፤ በኋላም በሌላ አዋጅ ተተክቷል። በግቢ ውስጥ የተከሉት ዛፍ ነገር የተለየ ስለሆነ ለመቁረጥ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ቀበሌውን ይጠይቅ አለ። እኔ እንኳ አልቆርጠውም።

22ኛ እና 23ኛ

22ኛዋ አቮካዶ ለምን አትተክልም አለች። ጥላም ይሆናል፣ ልጆቹም ይበላሉ። ጅማ አቮካዶ የሌለበት ግቢ ጥቂት ስለሆነ ሐሳቧ ገባኝ። አጋሮ ያሉት አባት ግን አልተስማሙም። አቮካዶ ጥላው ወፍራም ነው፤ ቡናውን ያፍነዋል። ሥሩም ውሃ የሚቋጥር አፈር አይወድም፣ ይበሰብሳል። ቅርንጫፉ ፍሬ ሲሸከም ይሰበራል። ቦታው የበረንዳው ማዶ እንጂ የቡናው መሃል አይደለም አሉ። እዚህ ላይ ስለ ጦጣና ስለ አቮካዶ ሌብነት የተጻፈውን ዘልዬዋለሁ።

24ኛ እስከ 27ኛ

ከሁሉ የከፋው ጸብ እዚህ ነበር። አንድ ሰው መሐንዲሶች ሁሉን ነገር በኮንክሪት ለመሙላት ነው የሚፈልጉት፣ ገበሬው ግን ካብ ክቦ ስንት ዘመን ኖሯል አለ። መሐንዲሱ ተበሳጨ። የደረቅ ድንጋይ ካብ እኮ ውሃ በየቀዳዳው ስለሚያፈስ ነው የቆመው፣ እኔም የምለው ይህንኑ ነው ብሎ መለሰ። ቀጥሎ የመጣው ሰው ስድብ ቀላቀለበት። ያንን አልደግመውም። 27ኛ ላይ የአጋሮው አባት ገቡና ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው፣ ልጆቼ፣ የልጁን ጥያቄ መልሱለት አሉ። ሁሉም ዝም አለ። አባት ማለት እንዲህ ነው።

28ኛ

መሐንዲሱ በረጋ መንፈስ ተመልሶ ርቀቱን ሰጠን። ከግንብ ጀርባ ያለው አፈር ሲንሸራተት እንጨት እንደምንፈልጥበት ሽብልቅ ቅርጽ አለው። ከታች ጠባብ፣ ከላይ ሰፊ። ደህና አፈር ላይ የሽብልቁ ላይኛ ስፋት ከግንቡ ቁመት አይበልጥም። ስለዚህ የትኛውም ዛፍ ቢያንስ የግንቡን ቁመት ያህል ይራቅ። የኔ ግንብ 2 ሜትር ስለሆነ ከ2 ሜትር ወዲህ ምንም ዛፍ የለም። ትልቅ የሚሆን ዛፍ ደግሞ ክብደቱና የነፋሱ ጉልበት ስለሚጨመር ከዚያ በብዙ ይርቃል። ሰሳ ከሆነ 8 ሜትርና ከዚያ በላይ አለ። 6 ሜትር ላይ ያለው ዋንዛ ከሽብልቁ ውጭ ነው። ይህን ሳነብ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

ከግንቡ በታች መትከል ለሚፈልግም መልስ አለው። እግሩ ሥር ጉድጓድ አትቆፍሩ። የግንቡ መሠረት የሚደገፈው በዚያ አፈር ነው።

29ኛ እና 30ኛ

29ኛው ወደ ቦዬ ረግረግ በኩል የሚኖር ነው። የእሱ አፈር ኮትቻ፣ ጥቁር አፈር ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። እዚያ ዛፍ ውሃ ሲጠጣ አፈሩ የባሰ ይኮማተራል፤ ግንቡም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ተዳፋቱ ላይ ያለን ሰዎች ቀይ አፈር ስላለን ዕድለኞች ነን። እንዲህ ባለ አፈር ላይ ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄው ማንም በደንብ አልመለሰለትም። መሐንዲሱ ራሱን የቻለ ክር ክፈትበት አለው።

30ኛዋ ለግንቡ ጫፍ ቬቲቨር ሣር መከረች። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ 3 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ቬቲቨር ወደ አገራችን የገባው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ በጅማ ምርምር ማዕከል፣ መልኮ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሰዎች ለሰዎች ድርጅት ኢሉባቦር ውስጥ አስፋፋው። እዚሁ ደጃችን ሆኖ እኔ አላውቅም ነበር።

31ኛ

ምን እንዳደረግኩ የጻፍኩበት ነው። ሰኔ ላይ ሰባቱን ቀዳዳዎች ከፈትን። የመጀመሪያው ሲከፈት ጭቃ ውሃ እንደ ቧንቧ ተንዠቀዠቀ። ግማሽ ሰዓት ያህል አልቆመም። አሸንዳውን በፒቪሲ ቱቦ ወደ መንገዱ ቦይ አዞርነው። ከግንቡ ጫፍ ላይ ቬቲቨር በአንድ መስመር ተከልን። 3 ሜትር ላይ ግራዋ ገባ፤ ቁመቱ አያስፈራም፣ ንብም ይወደዋል። ቡናው መሃል ለጊዜው ጥላ እንዲሆን ሰስባኒያ ዘራን። ዕድሜው አጭር ቢሆንም ቶሎ ያድጋል፣ ቅጠሉም ለከብት መኖ ይሆናል። እሱ እስኪያረጅ ሰሳው ይደርሳል። ሁለት የሰሳ ችግኝ 9 ሜትር ላይ፣ ከዋንዛው ማዶ ተተከሉ። ችግኞቹን ያመጣልን የማናው ወጣት ነው። ገንዘብ እምቢ ብሎ ቡና ጠጥቶ ሄደ።

32ኛ እስከ 34ኛ

32ኛው የግራዋው ቅጠል ቀዳዳውን እንዳይደፍን በየጊዜው ይጠረግ አለ። 33ኛው 14ኛ ላይ የተቆጣው ግንበኛ ነው። ሆዱ የተነፋው 4 ሜትር ያህል ግንብ በጥር፣ አፈሩ ሲደርቅ፣ ፈርሶ ቢሠራ ይሻላል፤ ከጀርባው 30 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ይሙላ፣ እኔ መጥቼ አየዋለሁ አለ። መሐንዲሱም 34ኛ ላይ ተስማማበት። ለጥር ተቀጣጥረናል።

ጂፕሰሙን ስንጥቁ ላይ የለጠፍኩት ሐምሌ 3 ቀን ነው። ዛሬ ጠዋት አየሁት። እንዳለ ነው። ከተሰነጠቀ እዚሁ እጽፋለሁ።